ሳንቲም የሚቆጥረው ለጋስ፦ ስለ ጆርጅ ፒቦዲ ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ዕትም ስለ ሞርጋን ባንክ አነሳስ ስጽፍ፣ "ባንኩን የጀመረው ሞርጋን የሚባል ሰው ሳይሆን ጆርጅ ፒቦዲ የሚባል ላጤ ነጋዴ ነው" ብዬ በአንዲት መስመር አልፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤው ጎረፈ። ስለዚህ የዚህን ወር አምድ ሙሉውን ለሱ ሰጥቼዋለሁ። እኔም ዕድሜዬን ባንክ ቤት የፈጀሁ ሰው ስለሆንኩ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቅር አላለኝም። ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቡልኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባልቲሞር ነው። ማውንት ቨርነን አደባባይ ላይ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሐውልት አለ። አጠገቡ ያለው ትልቅ ሕንፃም በሱ ስም ነው የሚጠራው። አምና ሎንዶን ስሄድ ያንኑ ሰውዬ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ እዚያም አገኘሁት! ማነው? የየት አገር ሰው ነው?
— ት. ከባልቲሞር

መልስ፦ ዓይንሽ አላታለለሽም ልጄ። ሁለቱም የአንድ ቀራፂ ሥራ ናቸው፤ ዊልያም ዌትሞር ስቶሪ የሚባል አሜሪካዊ። የመጀመሪያው ሎንዶን፣ ሮያል ኤክስቼንጅ አጠገብ፣ በ1869 ቆመ። የመረቀው የዌልስ ልዑል ነው፤ በኋላ ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ የሆነው። የሚገርመው ፒቦዲ ያኔ አልሞተም። ለአንድ ነጋዴ፣ ለዚያውም ለውጭ አገር ሰው፣ በሕይወት እያለ ሐውልት ማቆም በሎንዶን የተለመደ ነገር አልነበረም። አንቺ ሰፈር ያለው በ1890 የተተከለው ቅጂው ነው።

ሰውዬው አሜሪካዊ ነው። በ1795 ማሳቹሴትስ ውስጥ ሳውዝ ዳንቨርስ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ዛሬ ከተማዋ ራሷ ፒቦዲ ተብላለች። ቤተሰቡ ድሃ ነው፣ ልጁ ደግሞ በላይ በላዩ። ጥቂት ዓመት ከተማረ በኋላ በ11 ዓመቱ ሰፈሩ ውስጥ ካለ ሱቅ ገባ። የሚያገኘው ምግብ፣ መኝታና ሙያ ነው። ሒሳብ መያዝ፣ ዕቃ መመዘን፣ ደንበኛ ማናገር የተማረው እዚያ ነው። ንግድ ጥርሱን የነቀለበት ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

16 ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ። ለቤተሰቡ የተረፈው ዕዳ ነበር። ከዚያ ከአጎቱ ጋር ወደ ደቡብ ወርዶ ጆርጅታውን ገባ፤ ዋሽንግተን ያላችሁ አንባቢዎች ለሽርሽር የምትወጡባት ጆርጅታውን ማለት ናት። አሜሪካና እንግሊዝ በተዋጉበት በ1812ቱ ጦርነት ለአጭር ጊዜ ሲዘምት ኤሊሻ ሪግስ ከሚባል ነጋዴ ጋር ተዋወቀ። ሪግስ በ1814 ሸሪኩ አደረገው። ፒቦዲ ያኔ ገና 19 ዓመቱ ነው። አንደኛው ገንዘብ፣ ሌላኛው ጉልበትና ጭንቅላት ይዞ መጣ። ብዙም ሳይቆዩ ንግዱን ወደ ባልቲሞር አዞሩት፤ ሥራው ከእንግሊዝ ጨርቃ ጨርቅ እያስመጡ መሸጥ ነበር። ለዚሁ ግዢ ፒቦዲ በ1827 ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ተሻገረ፣ በ1837 ደግሞ ሎንዶን ጠቅልሎ ገባ። እስኪሞት እዚያው ኖረ። ዜግነቱን ግን አልለወጠም።

ጥያቄ፦ የፋይናንስ ተማሪ ነኝ ጋሼ። ጨርቅ ሻጭ እንዴት ባንከር ይሆናል? ደግሞ "ሜሪላንድን ከውርደት ያዳነ ሰው" ሲባል አንብቤያለሁ። አልተጋነነም?
— ዳ.

መልስ፦ ትንሽ ተጋኗል። ግን ከሕይወት ታሪኩ ሁሉ እኔን የሚጥመኝ ይኼ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልንገርህ።

በዚያ ዘመን ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ሳያስበው ባንከር ይሆን ነበር። ባልቲሞር ያለው ባለ ሱቅ የእንግሊዝን ጨርቅ በዱቤ ይፈልጋል። እንግሊዝ ያለው ሻጭ ገንዘቡን ዛሬ ይፈልጋል። መሐል ላይ ሁለቱም የሚያምኑት ሰው ከተገኘ፣ "እሱ ባይከፍል እኔ እከፍላለሁ" ብሎ ሰነዱ ላይ ይፈርማል፣ ኮሚሽኑንም ይወስዳል። ፒቦዲ ስሙ እየታመነ ሲሄድ ከጨርቁ ይልቅ ፊርማው ብዙ ገንዘብ አመጣለት።

ቀጥሎ ቦንድ መጣ፤ ተበዳሪው ወለድ እየከፈለ ዋናውን በቀኑ እመልሳለሁ ብሎ የሚሸጠው የብድር ወረቀት ማለት ነው። በ1830ዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ቦይ ለመቆፈርና የባቡር ሐዲድ ለመዘርጋት ተጣደፉ። አገር ውስጥ ያን ያህል ገንዘብ የለም፣ ሎንዶን ግን አለ። ሜሪላንድ 8 ሚሊዮን ዶላር ለመበደር ወሰነችና ቦንዱን የሚሸጡ ሦስት ወኪሎች ላከች። አንዱ ፒቦዲ ነበር። ጊዜው ክፉ ነው። በ1837 አሜሪካን የገንዘብ ቀውስ መታትና አሜሪካ የሚል ስም ያለበትን ወረቀት የሚነካ ጠፋ። ጓደኞቹ ተስፋ ቆርጠው አገራቸው ገቡ። ፒቦዲ ግን እዚያው ቀረ። ቢሮ ለቢሮ ሲንከራተት ከርሞ በመጨረሻ ታላቁን ቤሪንግ ብራዘርስ ባንክ አሳምኖ ቦንዱን ሸጠ።

ያኔ ነው ጉዱ የፈላው። በ1840ዎቹ መጀመሪያ ስምንት ግዛቶችና ፍሎሪዳ ዕዳቸውን መክፈል አቆሙ። ሜሪላንድም ወለዱን አቆመች። አንተ በፊርማህ፣ በስምህ፣ "አገሬ ትከፍላለች" ብለህ ለሰው የሸጥከው ወረቀት ዋጋ ቢስ ሆነ እንበል። በማግስቱ ገበያ ላይ ፊትህን ይዘህ እንዴት ትወጣለህ? ሪፎርም ክለብ የሚባለው የሎንዶን ጌቶች ማኅበር አባልነት ሲከለክለው፣ ምክንያቱ ዕዳዋን የማትከፍል አገር ዜጋ መሆኑ ነበር ይባላል። እኔ ባንክ ቤት ሳለሁ ደንበኛ ብድሩን ሳይከፍል ሲጠፋ ያንን ደንበኛ ያመጣው ሠራተኛ ሻይ ክፍል መግባት ያስጠላው ነበር። ያችን ስሜት በሚሊዮን አባዛት።

ምን አደረገ? ዝም አላለም። ለሜሪላንድ ፖለቲከኞች በላይ በላዩ ደብዳቤ ጻፈ፣ ወለዱን ክፈሉ እያለ ወተወተ። ይኼ ማለፊያ ነው። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ሁለተኛው ክፍል ነው። ከቤሪንግ ጋር ሆኖ 1,000 ፓውንድ በምስጢር ወደ ባልቲሞር ላኩ፤ 90 በመቶው የቤሪንግ፣ 10 በመቶው የፒቦዲ። ገንዘቡ ጋዜጣ ላይ ለሚጽፍ፣ ዕዳ ይከፈል የሚሉ ፖለቲከኞችን ለሚያስመርጥ፣ አልፎም ስለ ውል ቅድስና መድረክ ላይ ለሚሰብክ ቄስ ሁሉ ዋለ። ተሳካላቸው። ሜሪላንድ በ1848 ወለዷን ከነውዝፉ መክፈል ጀመረች።

ፒቦዲ ለዚያ ሽያጭ የሚገባውን 60,000 ዶላር ኮሚሽን አልጠየቀም፤ አገሬ ተቸግራለች ብሎ ተወው። የሜሪላንድ ምክር ቤት በይፋ አመሰገነው። አንተ ያነበብከው ምስጋና የሚመጣው ከዚህ ነው። ነገር ግን ተማሪ ነህና አንድ ነገር ጨምር፦ ሰው ሁሉ ከአሜሪካ ቦንድ ሲሸሽ ፒቦዲ እጅግ በረከሰ ዋጋ ይገዛ ነበር። ግዛቶቹ መክፈል ሲጀምሩ ያ የረከሰ ወረቀት ወርቅ ሆነ። ስለዚህ ኮሚሽኑን ሲተው አንጀቱን አስሮ አይደለም። ለኔ ይህ አያሳንሰውም። ቅዱስ ነበር ለሚሉ ግን ቢያውቁት ጥሩ ነው።

የሞርጋን ነገር እንዲህ ነው። ፒቦዲ እያረጀ ሲሄድ በ1854 ጁኒየስ ሞርጋን የሚባል የቦስተን ነጋዴ ሸሪክ አደረገ። ታዋቂው ጄ. ፒ. ሞርጋን የዚህ ሰው ልጅ ነው። በ1857 ሌላ ቀውስ መጥቶ ባንኩ አፋፍ ላይ ሲደርስ፣ የእንግሊዝ ባንክ 800,000 ፓውንድ አበድሮ አተረፋቸው። በ1864 ፒቦዲ ጡረታ ሲወጣ ጁኒየስ የድርጅቱን ስም እንዲተውለት ተስፋ አድርጎ ነበር። ሽማግሌው ስሙንም ገንዘቡንም ይዞ ወጣ። ጁኒየስ እየከፋው በራሱ ስም ቀጠለ፤ ዓለም "ሞርጋን" የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምደኛው። በዕድሜ እኩያዎ ሳልሆን አልቀርም። ይኼ ፒቦዲ የሚሉት ሰው ለራሱ እንኳ የማይራራ ገብጋባ እንደነበር ሰምቻለሁ። ገብጋባ እንዴት ለጋስ ይባላል? ለኔ አይዋጥልኝም። እርስዎ ምን ይላሉ?
— አቶ ገ.

መልስ፦ የሰሙት እውነት ነው ጌታዬ። እንዲያውም ሁለት ወሬ ልጨምርልዎ።

ፒቦዲ ምሳውን ቢሮው ነበር የሚበላው። የቢሮው ሰዎች ሲያወሩት እንደኖሩት፣ በየቀኑ ተላላኪውን ልጅ ፖም እንዲገዛ ይልከዋል። ፖሟ አንድ ተኩል ፔኒ ናት። ሁለት ፔኒ ይሰጠዋል። ልጁ መልሷን ግማሽ ፔኒ "ያዛት" እስኪባል በየቀኑ ይጠብቃል። ፒቦዲ በየቀኑ እጁን ይዘረጋል።

ሁለተኛው የጁኒየስ ሞርጋን ወሬ ነው። ፒቦዲ ሪህ የሚጠዘጥዘው ሰው ነበር። አንድ ቀን ሲታመም ጁኒየስ አይቶት፣ በል ወደ ቤትህ ሂድ አለው። እሺ ብሎ ወጣ። ጁኒየስ ቆየት ብሎ ሲወጣ ሽማግሌው መንገድ ዳር ዝናብ እየደበደበው ቆሟል። አልሄድክም እንዴ ሲለው፣ የመጣው አውቶቡስ የሁለት ፔኒው ነው፣ እኔ የአንድ ፔኒውን እየጠበቅኩ ነው አለ። በፈረስ የሚጎተተው አውቶቡስ ማለት ነው። ያኔ ባንክ ውስጥ የተቀመጠው ገንዘቡ ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር።

ግን ይኼንንም ይስሙ። በ1851 ሎንዶን፣ ሃይድ ፓርክ ውስጥ ታላቁ የዓለም ኤግዚቢሽን ተከፈተ። አሜሪካ ሰፊ ቦታ ተሰጥቷታል። ኮንግረሱ ግን ለማሳያው አንዲት ሳንቲም አልመደበም። ዕቃው መጥቶ ተከምሯል፣ መደርደሪያ እንኳ የለም፣ የእንግሊዝ ጋዜጦች ይሳለቃሉ። ፒቦዲ 3,000 ፓውንድ ከኪሱ አውጥቶ አበደረ። የማኮርሚክ የስንዴ ማጨጃና የኮልት ሽጉጥ ዓለምን ያስደመሙት በዚያ አዳራሽ ነው። በዚያው ዓመት፣ ለአሜሪካ የነፃነት ቀን፣ በጁላይ 4፣ ትልቅ ግብዣ ደገሰ። ናፖሊዮንን ያሸነፈው የዌሊንግተን መስፍን ራሱ ተገኘ። ከእንግሊዝ ነፃ የወጡበትን ቀን የእንግሊዝ ጦር ጀግና አብሮ ሲያከብር ያስቡት! ያ ድግስ የግማሽ ፔኒ ሰው ድግስ አልነበረም።

እኔ ሳየው፣ ለራሱ የሚያወጣውን ብክነት ነው የሚለው። ለጆርጅ ፒቦዲ የተከፈለ ገንዘብ ይጠፋል፣ ተመልሶ አይመጣም። ለድግሱ የወጣው ደንበኛ ይዞ ይመጣል። ስጦታዎቹንም ያየን እንደሆነ እንዲሁ ነው፤ ተበልቶ የሚያልቅ ነገር ሰጥቶ አያውቅም። ዋናው ገንዘብ ሳይነካ ፍሬው ለዘላለም እንዲሠራ አድርጎ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ገብጋባውና ለጋሱ ሁለት ሰው አይመስሉኝም። አንድ የሒሳብ ሰው ነው፣ መዝገቡ ብቻ ነው የተለያየው። ልጁ ግማሽ ፔኒዋን ቢያገኝ ግን ደስ ይለኝ ነበር፤ በዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ።

ጥያቄ፦ ሎንዶን የምንኖረው ቤት "ፒቦዲ" ከሚባል ድርጅት የተከራየነው ነው። ዓመታት ሙሉ ኩባንያ ይመስለኝ ነበር። እርስዎ ያነሱት ሰው ነው እንዴ? እሱ ነው ቤቱን የሠራው?
— እናት ሐ. ከሎንዶን

መልስ፦ እሱው ነው እናቴ። አጀማመሩን ልንገርዎ።

በማርች 1862 ፒቦዲ ለሎንዶን ድሆች 150,000 ፓውንድ መስጠቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ከመሞቱ በፊት እየጨመረ 500,000 ፓውንድ አደረሰው። መጀመሪያ ያሰበው ቤት አልነበረም። በየመንገዱ የመጠጥ ውኃ ማስቀዳት፣ ቀጥሎም ለድሃ ልጆች ትምህርት ቤት መርዳት ነበር ሐሳቡ። ለድሆች በመሟገት የታወቁት እንግሊዛዊው መኳንንት ሎርድ ሻፍትስበሪ ናቸው የድሃ ዋና ችግሩ መጠለያ ነው ያሉት። ምክሩን ተቀበለ።

ሁኔታዎቹ አጭር ነበሩ። ተጠቃሚው ሎንዶን የተወለደ ወይም የሚኖር፣ ድሃ፣ ጠባየ መልካም ይሁን። ሃይማኖቱ ወይም የፖለቲካ ወገኑ አይጠየቅ። ለ1862 ይኼ ቀላል ነገር አይደለም፤ ብዙው ምጽዋት ከስብከት ጋር ተጣብቆ ነበር የሚመጣው።

የመጀመሪያው ሕንፃ በ1864 ስፒታልፊልድስ፣ ኮሜርሻል ስትሪት ላይ ተከፈተ። 57 ቤተሰብ የሚይዝ፣ ምድር ቤቱ ሱቅ፣ ላይኛው ፎቅ ልብስ ማጠቢያ። ውኃ መቅጃውና ሽንት ቤቱ በጋራ ነው። ዛሬ ሲያዩት ያሳፍር ይሆናል። ያኔ ግን በአካባቢው ሰው በአንዲት እርጥብ ክፍል ሌላ ቤተሰብ ጨምሮ የሚኖርበት ዘመን ነው። ደንቡ ጥብቅ ነበር። ማታ በ5 ሰዓት የግቢው በር ይቆለፋል። ልጆች የፈንጣጣ ክትባት ካልተከተቡ ቤት የለም። ኪራይ በየሳምንቱ፣ ቅድሚያ።

እሷ "ቅድሚያ" የምትለው ነገር ናት ችግሩ። ደመወዙን ቆጥሮ የሚያገኝ፣ ባለ ሙያ፣ ፖሊስ፣ የባቡር ሠራተኛ ገባ። ወደቡ ላይ ቆሞ "ዛሬ ትፈለጋለህ፣ ዛሬ አትፈለግም" የሚባለው የቀን ሠራተኛ፣ ከእጅ ወደ አፍ የሚኖረው፣ አልቻለም። በኋላም ድርጅቱ የፈረሱ የድሃ ሰፈሮችን ቦታ እየወሰደ ሲሠራ፣ ከዚያ የተነሱት ሰዎች አዲሱ ሕንፃ ውስጥ እምብዛም አልተመለሱም። በጊዜው የነበሩ ሰዎችም ይህን እያነሱ ወቅሰዋል። ፒቦዲና ባለአደራዎቹ መልሳቸው ኪራዩ ጥቂት ትርፍ ካላመጣ ቀጣዩ ሕንፃ አይሠራም ነው። በሒሳብ ልክ ናቸው። ለወደቡ ሠራተኛ ግን ሒሳቡ ቤት አልሆነውም።

ሥራው መቀጠሉ ደግሞ አይካድም። ያ 500,000 ፓውንድ ተባዝቶ፣ ሌሎች ድርጅቶችም ተቀላቅለውበት፣ ዛሬ ፒቦዲ ሎንዶንና አካባቢዋ ላይ ከ100,000 በላይ ቤቶች ያስተዳድራል። የእርስዎ አንዱ ነው።

ንግሥት ቪክቶሪያ በሥራው ተደንቀው የመኳንንት ማዕረግ ሊሰጡት ነበር። አልቀበልም አለ። ለዘውዱ መሐላ ቢገባ አሜሪካዊነቱ ይነካ ነበር። ንግሥቲቱ በ1866 በእጃቸው የተጻፈ የምስጋና ደብዳቤና የራሳቸውን ትንሽ ምስል ላኩለት። ምስሉ ዛሬ በትውልድ ከተማው ቤተ መጻሕፍት ይታያል።

ጥያቄ፦ ስለዚህ ሰው በጎነት ብዙ ተባለ። አሜሪካ ውስጥ በባርነት ተገዝተው የነበሩ ጥቁሮች በዚያው ዘመን ነፃ ወጥተዋል። ለነሱስ ምን ሰጠ?
— ም.

መልስ፦ ደግ ጠየቅሽ። መልሱ ግን ለወዳጆቹ አይመችም።

የአሜሪካ ሰሜንና ባርነትን የያዘው ደቡብ የተዋጉበት የእርስ በርስ ጦርነት በ1865 ካበቃ በኋላ ደቡቡ ፈርሶ ነበር። በ1867 ፒቦዲ ለደቡብ ግዛቶች ትምህርት የሚውል ፈንድ አቋቋመ፤ በኋላ በጨመረው ጭምር በእጅ የገባው 2 ሚሊዮን ዶላር ነው። ከሱ በተጨማሪ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚሲሲፒ ቦንድ ሰጥቷል፤ ሚሲሲፒ ዓይኗን በጨው አጥባ "ይኼ ዕዳ የኔ አይደለም" ያለችውን ቦንድ! ከዚያ ወረቀት ፈንዱ ምንም አላገኘም። ከባለአደራዎቹ መካከል የሰሜኑ ጦር ጀግኖች ጄኔራል ግራንትና አድሚራል ፋራጉት ነበሩ። ኮንግረስም የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው።

በጽሑፉ ላይ ስጦታው ዘር ሳይለይ ለደቡብ ሕዝብ ሁሉ ነው። በሥራ ላይ ግን ፈንዱን ያስተዳደሩት ሰዎች ነጭና ጥቁር ልጆች አብረው የሚማሩበትን ትምህርት ቤት አልረዱም። ለጥቁሮች ትምህርት ቤት የሚሰጡትም ለነጮቹ ከሚሰጡት ሁለት ሦስተኛውን ነበር፤ ወጪያቸው አነስተኛ ነው በሚል ሰበብ። የፈንዱ ዋና ኃላፊ ባርናስ ሲርስ፣ ኮንግረስ የተቀላቀለ ትምህርት ቤት የሚያዝ ሕግ ሊያወጣ ሲል፣ ዋሽንግተን ድረስ ሄዶ ተቃወመ። በ1875 የወጣው ሕግ ትምህርት ቤትን ሳይነካ ቀረ።

ፒቦዲ ራሱ በጦርነቱ ጊዜ ልቤ ከሰሜኑ ነው ይል ነበር። ባርነትን ሲቃወም ዕድሜውን የፈጀው ዊልያም ሎይድ ጋሪሰን ግን አልማረውም፤ ለደቡብ ጌቶች አጎብዳጅ ነው ብሎ ነቀፈው። እኔ ጋሪሰን የበዛበት አይመስለኝም። ፒቦዲ ደቡቡ ውስጥ የቆዩ ደንበኞችና ወዳጆች ነበሩት፤ እነሱን የሚያስቀይም ነገር ጫፉን አልነካም። ፈንዱ በ1914 ሲዘጋ ያፈራው መምህራን ማሠልጠኛና የመንግሥት ትምህርት ቤት ብዙ ነው። ጥቁር ልጆችም ተምረውበታል። በጎደለ ድርሻ።

ጥያቄ፦ ልጅ አልነበረውም? ያን ሁሉ ማን ወረሰ?
— ስም አልተጻፈም

መልስ፦ አላገባም። አንዴ ታጭቶ ፈርሷል። የእህቱንና የወንድሙን ልጆች ግን በደንብ አስተምሯል፣ አውርሷልም። በጣም የተሳካለት የእህቱ ልጅ ኦትኒየል ቻርልስ ማርሽ ነው። ልጁ ትምህርት አልጨርስ ብሎ እየተጎተተ፣ አጎቱ ዬልን፣ ቀጥሎም ጀርመን ድረስ ከፈለለት። በ1866 አጎትየው ለዬል ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም 150,000 ዶላር ሰጠ፣ ለሃርቫርድም እንዲሁ። ማርሽ በዬል የጥንት እንስሳት ቅሪት ፕሮፌሰር ሆነ። ልጆቻችሁ የሚወዷቸውን ስቴጎሳውረስና ትራይሴራቶፕስ ስም ያወጣላቸው እሱ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ዳይኖሰር ከተሞላባችሁ ባንከሩንም ትንሽ አማርሩ።

ጥያቄ፦ መቃብሩ ዌስትሚኒስተር አቤይ ነው ወይስ አሜሪካ? ሁለቱንም አንብቤያለሁ።
— ዘ.

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ነው፣ በየተራ። በኖቬምበር 4፣ 1869 ሎንዶን ውስጥ ሞተ። ዌስትሚኒስተር አቤይ፣ ታላቋ የሎንዶን ቤተ ክርስቲያን፣ በክብር አሳረፈችው። ኑዛዜው ግን አገሬ ቅበሩኝ ይላል። የእንግሊዝ መንግሥት አስከሬኑን በአዲሱ የጦር መርከብ፣ በሞናርክ፣ ጭኖ ላከው። አውቶቡስ በአንድ ፔኒ የሚጠብቅ ሰው በጦር መርከብ ተጓዘ። መርከቡ ሜይን ግዛት፣ ፖርትላንድ ሲደርስ አድሚራል ፋራጉት የአሜሪካን የጦር መርከቦች ይዞ ተቀበለው። በፌብሩዋሪ 1870 ሳሌም ከተማ፣ ሃርመኒ ግሮቭ መቃብር፣ ከቤተሰቡ ጎን ተቀበረ። ከትውልድ ቤቱ ብዙም አይርቅም።

ጥያቄ፦ ባልቲሞር ያለው የፒቦዲ ቤተ መጻሕፍት ፎቶው ላይ በጣም ያምራል። ልጆቼን ይዤ መሄድ እችላለሁ? ወይስ የተማሪዎች ብቻ ነው?
— ሰ. ከሜሪላንድ

መልስ፦ ሂጂ እንጂ! ለሕዝብ ክፍት ነው። ፒቦዲ በ1857 ቤተ መጻሕፍቱ ያለበትን ፒቦዲ ኢንስቲትዩት የተባለ ተቋም ሲመሠርት መጽሐፉን ማንም ሰው በነፃ ያንብብ ብሎ ነው። የመጀመሪያ ስጦታው 300,000 ዶላር ነበር፣ በኋላ 1.4 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። ጦርነቱ ስላዘገየው ተቋሙ የተመረቀው በ1866 ነው፤ ፒቦዲም ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ተገኝቷል። አንቺ ፎቶውን ያየሽው አዳራሽ በ1878 የተከፈተው ነው። አምስት ፎቅ ብረት ሥራ በረንዳ፣ ጣራው መስታወት፣ መደርደሪያው ላይ 300,000 ገደማ መጽሐፍ። መጽሐፎቹ ወደ ቤት አይወሰዱም፣ እዚያው ይነበባሉ።

ዛሬ የሚያስተዳድረው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ይኼም የራሱ ወሬ አለው። ሆፕኪንስ የባልቲሞር ሀብታም ነበር፣ እሱም ላጤ፣ እሱም ቆጣቢ፣ ገንዘቡን ምን እንደሚያደርገው የጨነቀው። አንድ የጋራ ወዳጅ ሁለቱን እራት ላይ አገናኛቸውና ፒቦዲ መስጠት እንዴት እንደሚያስደስት ሲያወራለት አመሸ ይባላል። ሆፕኪንስ ብዙም ሳይቆይ ኑዛዜውን ጻፈ፤ በ1873 ሲሞት ለዩኒቨርሲቲና ለሆስፒታል 7 ሚሊዮን ዶላር ተወ።

ስትሄጂ አስቀድመሽ ደውለሽ ሰዓቱን ጠይቂ። ቅዳሜ ማታ ከሆነ ሠርግ ሊገጥምሽ ይችላል፤ አዳራሹ ለሠርግ ይከራያል። ኪራይ መሆኑን ፒቦዲ ቢሰማ ቅር የሚለው አይመስለኝም።